ኤሊዋ አልበላ አለች

ህዳር 2

ዛሬ ምንም አልሠራሁም ማለት ይቻላል። የአጥሩን ሁለት እንጨት ቀየርኩ። ራዲዮ ሰማሁ። ጡረታ ከወጣሁ አምስት ወር ሆነኝ፤ አሁንም ጠዋት በአንድ ሰዓት ተነስቼ ቦት ጫማዬን አጠልቃለሁ። የት ልሄድ? ከበሩ እስከ አጥሩ።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ጎረቤቴ ሀጀራ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ።

"ዶክተር፣ አለህ?"

ዶክተር አይደለሁም። የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ፤ ሰላሳ አንድ ዓመት። ገበሬው ዶክተር ሲለኝ ግን አንድም ቀን አላረምኩትም። ሀጀራ ይህን ታውቃለች። ለዚህ ነው ቃሉን ረገጥ አድርጋ የምትጠራው።

"አለሁ። ምነው፣ ላሚቱ ናት?"

"ላሚቱ ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። የሱሀይላ ኤሊ ናት። አልበላ አለች።"

ኤሊ… በሰላሳ አንድ ዓመት ኤሊ ይዞልኝ የመጣ ሰው የለም። "ቀላል ነው፣ ነገ ጠዋት አያታለሁ" አልኩ። ለምን ቀላል ነው አልኩ? እንጃ። አፌ ነው።

ህዳር 3

ሄድኩ። ቦርሳዬን ይዤ፣ ነጩን ጋዎኔን ለብሼ። አጥር ለመሻገር ጋዎን መልበስ ምን ይባላል?

ሱሀይላ የሀጀራ የመጨረሻ ልጅ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ሪያድ አምስት ዓመት ሠርታ ከተመለሰች ሦስት ወር ሊሞላት ነው። እናቷ ቤት ከገባች ግን ገና ሦስት ሳምንቷ። በመሀል የት እንደቆየች አልጠየቅኩም። የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብዬ። ከግቢ አትወጣም። ለሰው የምትመልሰው "ደህና" እና "እሺ" ብቻ ነው ይላሉ።

ኤሊዋ ካርቶን ውስጥ ናት። ትልቅ ድፎ ቁራሽ ታክላለች። ጭንቅላቷን አስገብታለች። ጀርባዋን አንኳኳሁ፤ የሰው በር ይመስል። ከፊቷ የጠወለገ ጎመን ተቀምጧል። ሃያ ቀን እህል አልቀመሰችም አለችኝ ሀጀራ።

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ባለሙያ መምሰል ነበረብኝ። "የአመጋገብ ጉድለት ነው" አልኳት ሱሀይላን፤ "በደንብ አላበላሻትም።"

አየችኝ። ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች።

አታወራም ሲሉ እውነታቸውን ነው ብዬ አሰብኩ። ይኸው ነው ያሰብኩት።

ሀጀራ አጥሩ ድረስ ሸኘችኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አለምነው፣ ይቺ ነገር ብትሞት ልጄ አትተርፍልኝም። ሌላ የምትጠጋው ነገር የላትም። ወስደህ አብላልኝ" አለች።

ወሰድኳት። "በሦስት ቀን በልታ ትመለሳለች" አልኩ። አሁንም አፌ።

ህዳር 5

ጎመን፣ እምቢ። ሰላጣ፣ እምቢ። ካሮት ፈቅፍቄ፣ እምቢ። የተቀቀለ ድንች… ድንቹን እኔ በላሁት። ለኤሊ የማቀርበው ምሳ ለራሴ ከማቀርበው ይሻላል።

አላወቀችበትም ይሆናል ብዬ ከፊቷ ተንበርክኬ ማኘክ አሳየኋት። ስድሳ ዓመት የሞላኝ ሰውዬ፣ ካሮት እያኘክሁ "እይ፣ እንዲህ ነው" እላለሁ። ቀና ስል ሀጀራ አጥሩ ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ? "ያ ረቢ" ብላ ተመለሰች።

ህዳር 6

ክብደቷን ማወቅ አለብኝ። ሚዛን ያለው የሚሊዮን ሱቅ ነው። በዘንቢል ይዣት ሄድኩ፤ ሱቁ ባዶ የሚሆንበትን ሰዓት ጠብቄ። ባዶ አልነበረም።

"ምንድን ነው ጋሽ አለምነው?"

"ኤሊ።"

ሚሊዮን ስኳር የሚመዝንበትን ሳህን ጨርቅ አለበሰው። "ኪሎዋ በስንት ነው?"

ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም። ወረፋ የያዙት ሴቶች ሚዛኑን ከበው አነበቡልኝ። አንደኛዋ፣ "ከላም ወደ ኤሊ… ወዴት እየሄዱ ነው ጋሼ?" አለችኝ።

"ቀጥሎ ጉንዳን ነው" አልኳት። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ምን አማራጭ ነበረኝ?

ህዳር 9

ትል ነው አልኩ። ሁልጊዜ ትል ነው የምለው፤ ግማሹን ጊዜ ልክ እሆናለሁ።

ለበግ የሚሰጠውን ኪኒን በክብደቷ አካፍዬ፣ አድቅቄ በውሃ በጠበጥኩ። መድኃኒቱ ተዘጋጀ፤ አፍ የለም። እኔ ኮርማ ጥዬ አፉን የፈለቀቅኩ ሰው ነኝ። የበቅሎ ጥርስ ሞርጃለሁ። ይቺ ግን ጭንቅላቷን አስገባች፣ የፊት እግሮቿን እንደ መዝጊያ ገጠመች፣ አለቀ። በማንኪያ ጫፍ ለመንኳት። ከጭኔ ላይ አስቀምጬ ጠበቅኳት። ግማሽ ሰዓት። በመጨረሻ የሆነ ነገር ሞቀኝ።

ጋቢዬ ላይ ሸናች። ይህን ሁሉ ቀን ሳትበላ ያን ያህል ከየት አመጣችው? መድኃኒቱን ደፋሁት። ጋቢውን ዘፈዘፍኩት።

ህዳር 12

አልበላችም።

ህዳር 13

"ሦስት ቀን ብለህ ነበር" አለች ሀጀራ።

"ብዬ ነበር።"

"ሱሀይላ እየጠየቀችህ ነው።"

"መቼ ጠየቀችኝ?"

"በቃሏ አይደለም። ጠዋት ጠዋት አጥሩ ጋ ትቆማለች።"

እኔ እኮ ፀሐይ ልትሞቅ መስሎኝ ነበር። ልብሴን ላሰጣ ስወጣ እውነትም ቆማለች፤ ሻርፗን እስከ አገጯ ጠቅልላ። ዓይኗ እጄ ላይ ነው። "ትንሽ ቀምሳለች" አልኳት። አንገቷን ነቅንቃ ገባች።

ውሸት። ለገበሬ የማትድን ላም ትድናለች ብዬ ዋሽቼ አላውቅም። ለዚህች ልጅ ምን ሆኜ ዋሸሁ?

ህዳር 15

ዛሬ የነቢያት ጾም ገባ። እኔ ዛሬ ጀመርኩ፤ ኤሊዋ አንድ ወር ቀድማኛለች። የሙስሊም ቤት ኤሊ በጾም ትብለጠኝ? ቀልዱን ለሀጀራ ነገርኳት። አልሳቀችም። እኔም ብዙ አልሳቅኩም።

እንደገና ሚዛን ላይ ወጣች። ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ። ዛሬ ሚሊዮን አልቀለደም። እሱ ነው ያስፈራኝ።

ህዳር 18

ለበፍቃዱ ደወልኩ።

እኔን የተካው ልጅ ነው። የእውነት ዶክተር። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ። ርክክብ ስናደርግ "የሚቸግርህ ነገር ካለ ደውልልኝ" ያልኩት እኔ ነኝ። አምስት ወር ሙሉ አልደወለም። እኔ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ እውነቱን ለመናገር ስለ ኤሊ ብዙም አላውቅም። ከየት ነው የመጣችው?"

ኤሊዋን ዞሬ አየኋት።

"በፊት የት ነበረች? ምን ትበላ ነበር?"

"…አጣርቼ እደውልልሃለሁ።"

ስልኩን ዘግቼ ብዙ ተቀመጥኩ። ከየት ገዛሃት? ምን ታበላት ነበር? ሰላሳ አንድ ዓመት ገበሬውን ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነበር። መዝገቡ ላይ የመጀመሪያው መስመር ነው። ለምን አልጠየቅኩም? ልጅቷ አታወራም ስላሉኝ? ወይስ ጋዎን ስለለበስኩ?

ህዳር 19

ጠየቅኩ። ያለ ጋዎን፣ ያለ ቦርሳ። ኤሊዋን ታቅፌ ሄጄ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።

"ሱሀይላ፣ ዋሽቼሻለሁ። ምንም አልቀመሰችም። እኔ ስለ እሷ የማውቀው ነገር የለም። አንቺ ንገሪኝ።"

ኤሊዋን ከእጄ ተቀበለችኝ። የምትገባ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ጀመረች… አንዴ ከጀመረች ወዲያ ማቆሚያም አልነበራት።

ከሪያድ ስትመለስ በጎጃም በኩል ነው የመጣችው። ወደ ዓባይ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ቆላው ውስጥ፣ አክስቷ መዲና ሻይ ቤት አላት። እዚያ ሁለት ወር ተቀመጠች። አንድ ቀን ኤሊዋ አስፋልቱን ስትሻገር አይሱዙ መጣባት። ሱሀይላ መሀል መንገድ ገብታ አስቆመችው።

"ሹፌሩ ሰደበኝ። እኔም ሰደብኩት፣ በአረብኛ።"

እዚያ ስትሆን ከዛፉ ስር የወደቀ ፓፓያ ትበላ ነበር። ሣር ትግጥ ነበር።

"ጠዋት ግን አትበላም ጋሼ። መጀመሪያ ድንጋዩ ላይ ወጥታ ትሞቃለች፣ እስክትግል ድረስ። ከዚያ ነው የምትበላው። እዚህ ይዣት ስመጣ ሰው እንዳያየኝ ብዬ ቤት ውስጥ አስቀመጥኳት።"

እስክትግል። እኔ ደግሞ በመካነ ሰላም የህዳር ውርጭ፣ ፀሐይ በማይገባበት ክፍል፣ ሲሚንቶ ላይ አስራ ስድስት ቀን አስቀመጥኳት። ማንም እረኛ ገላው ሲቀዘቅዝ የማይንቀሳቀስ እንስሳ እንዳለ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ኮርስ ወስጄበታለሁ።

"ስም አላት?"

"የላትም። ስም ካወጣሁላት መልቀቅ ያቅተኛል ብዬ።"

ከዚያ ሳልጠይቃት ሌላውን ነገረችኝ። ሪያድ ሥራዋ አንዲት አሮጊት መመገብ ነበር። አምስት ዓመት፣ በማንኪያ። በመጨረሻው ወር አሮጊቷ አፏን አልከፍት አለች። ሞተች። ልጆቿ ለቀስተኛው ፊት "አላበላሻትም" አሏት። በዚያው ሳምንት ሸኟት።

"እርስዎም የመጀመሪያ ቀን እንደዚያ አሉኝ" አለች። ሳትቆጣ ነው ያለችው። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ይቅርታ አልኳት። ሌላ ምን ይባላል? ቤት ገብቼ ጋዎኑን አጣጥፌ ከሳጥኑ ስር ከተትኩት።

ህዳር 20

ቆርቆሮ ቆረጥኩ። ጥቁር ድንጋይ ለቀምኩ። ሣጥን የመሰለ ነገር ሠራሁላት፤ በአንድ በኩል ክፍት፣ ወደ ፀሐይ የሚዞር። ቆርቆሮው የእግሬን አውራ ጣት ጫረኝ።

ሱሀይላ አጥሩን ተሻግራ መጣች። ሰባት እርምጃ ቢሆን ነው። ግን ከግቢያቸው ስትወጣ ያየኋት ዛሬ ነው። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አድርጋ ኤሊዋን አንገቷ ድረስ ነከረቻት። ከዚያ ከአራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጥላው በመጣ ቁጥር ሣጥኑን በሁለት ወገን ይዘን ፀሐይ ስናሳድድ ዋልን።

"አላህ ጤና ይስጣችሁ" አለች ሀጀራ በአጥሩ በኩል። ምርቃት ይሁን ሌላ ነገር አልገባኝም።

ህዳር 22

ጭንቅላቷን አወጣች። አንገቷ ለካ ረጅም ነው።

ህዳር 24

በላች። እንዴት እንደበላች ለማንም አልናገርም ብዬ ነበር፤ ሀጀራ ግን እስካሁን ለገበያው ሁሉ ሳትነግር አልቀረችም።

ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ፀሐዩ ያቃጥላል። ድንጋዩ ጎን ነጠላ ጫማ አድርጌ ተቀምጫለሁ። የተጫረው አውራ ጣቴ ላይ ቀይ መድኃኒት ቀብቻለሁ። ኤሊዋ ተነሳች። አንድ እርምጃ። ሁለት። ሱሀይላ ክንዴን ይዛ "አይንቀሳቀሱ ጋሼ" ትለኛለች በሹክሹክታ። አልተንቀሳቀስኩም። ምን ልታደርግ እንደሆነ ባውቅ ኖሮ እንቀሳቀስ ነበር።

ጣቴን ነከሰች። ጥርስ የላትም ያለ ማን ነው? ጥርስ ባይኖራት ጉጠት አላት። ጮህኩ። አትለቅም። ሱሀይላ ልታላቅቀኝ ጎንበስ አለችና… ሳቀች። መሬት ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሀጀራ ሳቁን ሰምታ ከማጀት እየሮጠች ወጣች። እኔን አላየችኝም። ጣቴ ኤሊ አፍ ውስጥ ሆኖ፣ እናት ልጇን ቆማ ታያለች።

ቀይ ነገር ይሆናል የፈለገችው ብላ ሱሀይላ ቲማቲም ቆርጣ አቀረበች። ግማሽ ቲማቲም በላች። ጣቴን ለቃ።

ህዳር 29

በየቀኑ እየበላች ነው። ሰርዶ፣ ቲማቲም፣ የተላጠ በለስ። ዛሬ ሚሊዮን ሱቅ የወሰደቻት ሱሀይላ ናት፣ ብቻዋን። ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ። ስትመለስ እንደ ፈተና ውጤት ነገረችኝ።

ከዚያ ግን፣ "ጋሼ፣ መመለስ አለባት" አለች።

"አሁን እየበላች?"

"ፀሐይ ስናሳድድላት እኮ ነው የምትበላው። ክረምት ሲመጣስ?"

ወላሂ ልክ ናት። ትንሽ ከፋኝ። ከጡረታ ወዲህ ያገኘሁት ብቸኛ በሽተኛ…

ታህሳስ 6

ወረድን። ሱሀይላ፣ እኔ፣ ኤሊዋ። ሀጀራ ራሷ ስንቅ ቋጠረችልን። በሚኒባስ ዘንቢሉን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ጋቢዬን ግን ቤት ትቼ። ተምሬያለሁ።

ቁልቁለቱን ስንጨርስ ሹራብ አወለቅን። ከፓፓያው ስር አስቀመጥናት። አየር ያሸተተች መሰለኝ። ከዚያ ሄደች፤ ኤሊ እንዲህ ይፈጥናል ብዬ አላውቅም። ወደ ኋላም አላየችም። ደህና ሁኚ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት።

ሻይ ቤቱ ሹፌር በሹፌር ሆኗል። መዲና ብቻዋን ትራወጣለች። ሱሀይላ ሳትባል ትሪ አነሳች። ልሰናበት ስፈልጋት ከአንዱ ጋር ስለ ስኳር ትከራከራለች።

"ጋሼ፣ ለእማ ንገሩልኝ። ትንሽ ልቆይ።"

"ትንሽ ስንት ነው?"

"እንጃ። እዚህ ሲሆን… ይቀለኛል።"

እሺ አልኩ። ደስ እያለኝ ነው እሺ ያልኩት። መኪናው ሽቅቡን ሲጀምር ነው የገባኝ። ለሀጀራ የምነግረው እኔ ነኝ።

ታህሳስ 7

ነገርኳት።

"ኤሊዋን አብላልኝ አልኩህ እንጂ ልጄን ወስደህ ጣልልኝ አልኩህ?"

"ሀጀራ፣ ይቀለኛል አለች…"

"እኔ ጋ ይከብዳታል ማለት ነው። አምስት ዓመት ጠበቅኳት። ሁለት ወር እንኳን አልጠገብኳትም።"

አጥሩ ላይ የምንተላለፍበትን ክፍተት በእሾህ ዘጋችው። ጠንካራ አድርጋ ነው የዘጋችው። ላም ለማከም ሄጄ ላሟን አድኜ ገበሬውን የገደልኩ ያህል ተሰማኝ።

ታህሳስ 12

ሀጀራ አልጠራችኝም። በዶክተርም በአለምነውም።

ታህሳስ 17

በዋናው በር ዞሬ ሄድኩ። በርበሬ እየቀነጠሰች ነበር። ቀና አላለችም።

"ሂጂና እያት። ላሚቱን እኔ እጠብቃለሁ።"

ዝም።

"ሳትጠሪኝ ነው የመጣሁት፣ አውቃለሁ።"

ሻይ እንኳን አላለችኝም። በቆምኩበት ትንሽ በርበሬ አስነጠሰኝና ወጣሁ።

ታህሳስ 18

ጠዋት ስነሳ እሾሁ ተነስቷል። የማለቢያው ቅል አጥሩ ስር ተቀምጧል። ሀጀራ ሄዳለች።

ታህሳስ 20

ስንቱን ላም አክሜያለሁ፤ አልቤ ግን አላውቅም ለካ። ላሚቱ ሁለት ጊዜ ረገጠችኝ። ሦስተኛው ላይ ሳትታዘበኝ አልቀረችም፣ ዝም አለችኝ።

ታህሳስ 23

ሀጀራ ተመለሰች። ፊቷ ፀሐይ መትቶታል።

"ወፍራለች" አለችኝ ገና ሳልጠይቃት።

"ኤሊዋን አገኘሻት?"

"የምን ኤሊ? ልጄን ነው የምልህ።" ዘንቢሏን አወረደች። "ሹፌሮቹን እንደ ወታደር ነው የምታሰልፋቸው። አንዱ ሳይከፍል ሊሄድ ሲል ከመኪናው አወረደችው።" ይህን ስትል አፏን በሻርፗ ሸፈነች። "ቤቴ ውስጥ ድምጿ ጠፍቶ ነው እንጂ ድሮም እንዲህ ነበረች።"

ከዚያ ላሚቱን አየች፣ እኔን አየች። "ጡቷን ምን አድርገሃት ነው?"

ጥር 3

የሀጀራ ስልክ ኔትወርክ የሚይዘው በግቢዋ በምሥራቁ ጥግ፣ ከግድግዳው በላይ ከፍ ሲደረግ ብቻ ነው። እሷ አትደርስም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ "አለምነው፣ ና ያዝልኝ" አለችኝ። ድምጹን ከፍ አድርጌ፣ ክንዴን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ቆምኩ። እሷ ከስር አንጋጣ ታወራለች።

ሱሀይላ ለሹፌሮቹ ምሳ መሸጥ ጀምራለች። እናት ሄዳ ከቀመሰችው ቀን ጀምሮ ወጡ ቅመም አንሶታል ብላ ስታብሰለስል ኖራለች። ልጅ አላነሰውም አለች። አንሶታል። እማ፣ ቆላ ነው፣ ሙቀት ላይ ያን ሁሉ አይበሉም። ማን ነው አይበሉም ያለሽ? እኔ ነኛ፣ የማበላቸው እኔ አይደለሁ? አንቺን ያሳደግኩሽ በምንድን ነው? እንደዚህ ሃያ አምስት ደቂቃ። አንዴ ሱሀይላ ጮኸች። አንዴ ሀጀራ። አንዴ ሁለቱም አንድ ላይ ሳቁ፣ በምን እንደሆነ አልገባኝም። ከሪያድ ስትደውል አምስት ዓመት ሙሉ "ደህና ነኝ እማ፣ ደህና ነኝ" ብቻ ነበር የምትለኝ ብላኛለች ሀጀራ።

ስለ ኤሊዋ ማንም አላነሳም። እኔ መኖሬንም የረሱ መሰለኝ።

ክንዴ ደነዘዘ። አላወረድኩትም።